ታማሚው ብቻ ይናገር

ካዛንቺስ፣ ከዑራኤል ዝቅ ብሎ ያለው ክሊኒክ ታብሌት ካስገባ ሦስት ሳምንቱ ነው። ታብሌቱ በአማርኛ ይጠይቃል፣ በአማርኛ ይሰማል፣ ከዚያ ቀይ ወይም አረንጓዴ ያበራል። ቀይ የበራለት ወዲያው ሐኪም ዘንድ ይገባል። አረንጓዴ የበራለት ምክር ይዞ ወደ ቤቱ።

ጡረተኛው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አቶ ሀብተሥላሴ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ እጸገነት ጋር መጡ። ከታክሲ ወርደው በሩ እስኪደርሱ ሁለቴ ቆመዋል፤ ሁለቴም ስልክ የሚያዩ መስለው።

«ዛሬ ምን ይሰማዎታል?» አለ ታብሌቱ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ?»

«ሕመም አለዎት?»

«ኧረ ምንም አይል። ትንሽ ድካም ቢጤ ናት። ዕድሜ ነው።»

«እንዴ፣ አንተ ሰውዬ...» ብለው ጀመሩ እጸገነት።

«እባክዎ፣ ታማሚው ብቻ ይናገር» አለ ታብሌቱ። አረንጓዴ በራ። ውሃ ይጠጡ፣ ይረፉ።

ሀብተሥላሴ ተነሡ። «ሥርዓት ያውቃል» አሉ።

«የትም አትሄድም።» እጸገነት ነርሷን ማዕዛን ጠሩ። «ልጄ፣ ይህ ሰው ሦስት ትራስ ደርቦ፣ ቁጭ ብሎ ነው የሚያድረው። እግሩ አብጧል። ለማያውቀው ሰው ግን አመመኝ አይልም። የሠርጋችን ዕለት ወባ እያንቀጠቀጠው ‹ደስታ ነው› ብሏል።»

ማዕዛ ካልሲያቸውን ዝቅ አድርጋ እግራቸውን በጣቷ ጫን አለች። የጣቷ ጉድጓድ እዚያው ቀረ።

«ጋሼ፣ ለምን አልነገሩትም?»

«ገና ሳንተዋወቅ?»

«እትዬ፣ በእሳቸው ቦታ ይቀመጡና እርስዎ ይመልሱ።»

እጸገነት ተቀመጡ። ሦስተኛው ትራስ ላይ ሳይደርሱ ቀይ በራ።

የሀብተሥላሴ ልብ ደክሞ ሳንባቸው ውሃ ይዞ ነበር። ሐኪሙ ዘአማኑኤል መድኃኒት ጀመረላቸው። «በጊዜ መጣችሁ» አለ፤ ቀጥሎም ታብሌቱን አገላብጦ አየው። «ምን ነካው?»

«የተማረው ሲጠየቁ አመመኝ ከሚሉ ሰዎች ነው» አለች ማዕዛ። «እኛ ስንጠየቅ እናመሰግናለን።»

የሦስቱን ሳምንት መዝገብ ከፈቱ። ከስድሳ ዓመት በላይ ያለው ሁሉ፣ በቃ፣ አረንጓዴ። ማዕዛ ከሰዓት በኋላውን ስልክ ስትደውል ዋለች። አንሺው ሽማግሌ ከሆኑ፣ ሰላምታውን በወጉ ጨርሳ «እስቲ ለባለቤትዎ ይስጡልኝ» ትላለች። ከደወለችላቸው አራቱ በማግስቱ መጡ። ከታብሌቱ ፊት ሁለተኛ ወንበር ተጨመረ።

በሳምንቱ ሀብተሥላሴ ከቤታቸው ከቡልጋሪያ ሰፈር ድረስ በእግራቸው መጡ።

«ዛሬ ምን ይሰማዎታል?» አለ ታብሌቱ።

ወደ እጸገነት ዞሩ። «ምን ይሰማኛል?»

«ተሽሎሃል።»

«ተሽሎኛል» አሉት።