የተኛው ላፕቶፕ

"ቻርጀሩን ማነው የነቀለው?"

አስተማሪዋ የላፕቶፑን ገመድ እንደያዘች ጠረጴዛው ሥር ደርቃ ቀረች። ሶኬቱ ላይ የካውያ ገመድ ተሰክቷል። አክስቷ ሆስፒታል ለተኛው ወንድሟ፣ ለአስተማሪዋ አባት፣ ፒጃማ እየተኮሰች ነበር።

"እኔ ነኝ። ተዘግቶ የለ እንዴ? ዝም ብሎ መብራት ከሚበላ ብዬ ነዋ።"

"አልተዘጋም አክስቴ! ተኝቶ ነው!"

"ታዲያ የተኛ ምን ይሆናል?"

የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ የሚሠራው ሲሰካ ብቻ ነው። አስተማሪዋ ፈጥና ሰካችው። ማሽኑ እንደ አዲስ ተነሳ። የድምፅ መቅጃው ባዶ ነበር።

ትናንት አባቷ እዚሁ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ሲያወራ አርፍዷል። ዕድሜውን በአገር አቋራጭ አውቶብስ ሹፌርነት የጨረሰ፣ ተሳፋሪውን በወሬ እያሳቀ የሚያደርስ ሰው ነው። ለካንሰሩ ሲባል ማንቁርቱ ሊወጣ፣ ድምፁም አብሮ ሊሄድ ስለነበር፣ ገና ሆዷ ውስጥ ላለው የልጅ ልጁ ተረቶቹን በገዛ ድምፁ እየተወለት ነበር። ስንብቱ ሲቀረው ሆስፒታል ሊያደርሰው የመጣው የጎረቤት መኪና በር ላይ ጡሩንባ ነፋ። መቅጃውን ለጊዜው አቁማ፣ ክዳኑን ከድና ተከተለችው። ኦፕራሲዮኑ ተሳካ። ድምፁ ግን ላይመለስ ሄደ።

ላፕቶፑን አቅፋ ኮምፒውተር ጠጋኙ ጋ ሮጠች።

"ሴቭ አድርገሽው ነበር እህቴ?"

"ክዳኑን ዘጋሁታ።"

"ክዳኑ ሲዘጋ ይተኛል እንጂ አያስቀምጥም። የከፈትሽው ሁሉ ሚሞሪው ላይ ይጠብቅሻል፤ ሚሞሪ ደግሞ መብራት ሲያጣ ባዶ ነው። ዲስክ ላይ የተጻፈ ቢሆን ቆፍሬም አወጣልሽ ነበር። ይሄ የትም አልተጻፈም።"

"አንድ ቃል እንኳ?"

ጠጋኙ ላፕቶፑን ከድኖ መለሰላት።

ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ አክስቷ ክንዷን ያዘቻት። ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል። "እጄን ይቁረጠው! ግን አለ በዪው፤ ለቁስለኛ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።"

አባቷ አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ተደግፏል። እንዳያት ጆሮውን ነካ፤ ከዚያ ወደ ሆዷ ጠቆመ። አሰማሽው ወይ ማለቱ ነው።

"አዎ" ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ሌላ ነው።

"ጠፋ አባዬ። ሁሉም ጠፋ።"

ዓይኑ ፈጠጠ። እንደ ልማዱ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ለመተንፈሻ ከተከፈተው የአንገቱ ቀዳዳ አየር ብቻ አፏጨ። ድምፅ እንደሌለው ያን ጊዜ ገና የገባው ይመስል ደነገጠ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አስተማሪዋ ምን እንደምትሆን ጠፋት። በመጨረሻ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ የስልኳን መቅጃ ከፈተች፣ እጁንም ያዘች።

"እኔው ላውራው። ስሳሳት ቆንጥጠኝ።" ጉሮሮዋን ጠረገች። "አንድ ቀን አያትህ ዳገት ሲወጣ፣ አንዲት ፍየል መንገዱን ዘግታ..."

አባቷ አልዞረም። ጣቶቹ ግን ቆነጠጧት።

"ኧረ አባዬ! እሺ፣ በሬ ነው!"

ትከሻው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። አክስቷ ዓይኗን እየጠረገች ጎንበስ አለች። "በይ ስህተቱን አጥፊውና እንደገና ጀምሪ።"

"ተዪው አክስቴ። አባዬ የተናገረው በዚያች ቁንጥጫ ነው።"