የባሕር ስንቅ

በርበሬ በረንዳ ጀርባ በነበረው የሴቶች ባልትና ማኅበር ግቢ ውስጥ ባሕር ያየ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እትዬ ወሰንየለሽ። ሌሎቹ ሴቶች በሕይወታቸው ያዩት ትልቁ ውኃ በክረምት የጎጃም በረንዳን ቦይ ሞልቶ የሰው ጫማ ይዞ የሚሄደው ጎርፍ ነው።

እትዬ ወሰንየለሽ የቀበሌው የሴቶች ተጠሪ ስለነበሩ፣ ሶቭየቶች ለኮከብ ሠራተኞች በሚሰጡት የጥቁር ባሕር የመርከብ ሽርሽር ሁለት ጊዜ ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ የተነሣ ወሬ ሁሉ፣ ስለ ሽንኩርት መወደድም ቢሆን፣ ዞሮ ዞሮ መርከብ ላይ ይሳፈራል።

ዘንድሮ ኮከብ ሠራተኛ ተብላ የተመረጠችው ግን ወፍጮ ላይ የምትሠራው ሸዋርካብሽ ነበረች። ሸዋርካብሽ ፊደል የቆጠረችው ቅመም በሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ማንም አላስተማራትም፤ ይህንንም ላልጠየቃት ሰው ሁሉ ትናገራለች። አንድ ቀን ከዚያ ጋዜጣ ላይ የመርከብ ፎቶ አገኘች፤ የፊቱን ግማሽ ብቻ። የኋላው ግማሽ የሌላ ሰው ቅርንፉድ ተጠቅልሎበት ሄዷል። የቀረውን ግማሽ በዓይኗ ለማየት ስትመኝ ዓመታት አለፉ። «እኔ የሰው ነገር አያምረኝም» እያለች የምትኮራ ልጅ ስለሆነች ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ስሟ የተጠራ ዕለት ብቻ ወፍጮ ቤት ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በርበሬ እየቀነጠሱ የሚቀመጡባት የግቢዋ ጥግ ትምህርት ቤት ሆነች።

«ክፍል ሲሰጡሽ ከመሐል፣ ከታች ያለውን በይ» አሉ እትዬ ወሰንየለሽ። «መስኮት ይኑረኝ ብለሽ የመርከቧ አፍንጫ ላይ የሄድሽ እንደሆነ፣ እንደ ዱቄት ስትነፊ ታድሪያለሽ።»

«ቢያጥወለውለኝስ?»

«ማዕበሉን አትዪው። ራቅ አድርገሽ ሰማዩና ውኃው የሚገናኙበትን ብቻ እዪ። ሎሚ ያዢ። ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ምግብ ቤት ገብተሽ የሠርግ ቤት አታስመስዪው። አብሮን የሄደ አንድ የፋብሪካ ጓድ ነበር፤ እንደዚያ በልቶ ጉዞውን በሙሉ ያየው ባሕሩን ሳይሆን ባልዲውን ነው።»

«እኔ እንደሱ ሆዳም አይደለሁም።»

«ሆድሽን መች አልኩ፤ አፍሽን ዝጊና ስሚ!»

ሴቶቹ ሳቁ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው በለጥሻቸው ናት፤ ከሸዋርካብሽ ጋር አንድ ወፍጮ ላይ የምትሠራ፣ ከአንድ ሰሃን የምትበላ ጓደኛዋ።

«ወደብ ስትወርዱ የመመለሻ ሰዓት ይነገራችኋል» ቀጠሉ እትዬ። «መርከብ እንደ አውቶቡስ ሮጠሽ የምትንጠለጠዪበት አይደለም፤ ጥሎሽ ነው የሚሄደው። ደረጃ ስትወጪ አንድ እጅሽ ሁልጊዜ ብረቱን ይያዝ። ፀሐይ የሚሞቁበት ወንበር ላይ ፎጣ ካየሽ ሰው አለው፣ አትቀመጪ። ሾርባው ደግሞ ቀይ ነው፤ አይተሽ የአገሬ በርበሬ ደረሰልኝ ትያለሽ፣ ስትቀምሺው ቀይ ሥር ነው። ያውም ስኳር ስኳር የሚል!»

«ኧረ በማርያም!» አለች በለጥሻቸው።

ሸዋርካብሽ ሁሉንም በልቧ ያዘች። ክፍሏ ገብታ አንድ እጇን ግድግዳ አስይዛ ደረጃ መውጣት ትለማመዳለች፤ ቤቷ ደረጃ የለውም እንጂ።

የስንቁን ምክር የሰጧት ሌሎቹ ለምሳ ተነሥተው እሷና በለጥሻቸው ብቻ ቀርተው ሳለ ነው።

«ስንቅ ጠርቀም አድርገሽ ያዢ፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ። እዚያ ከስተሽ ብትታዪ ‹የላኩልን ኮከብ ይቺ ናት?› ተብሎ የምናፍረው እኛ ነን። ወርቅሽንስ የት ልታደርጊው ነው?»

«የእናቴ ሐብል ብቻ ናት። ቤት አስቀምጣታለሁ።»

«ባዶ ቤት? አማኑኤል ሰፈር ሌባ አልቋል አሉሽ? አንገትሽ ላይም እንዳታደርጊያት፣ ጌጠኛ ይሉሻል። የሰማያዊው ቀሚስሽ ጠርዝ ውስጥ ስፊያት፤ እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው።»

ሸዋርካብሽ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ነበር። ኩራቷ ከለከላትና ሁለት መዳፍ በርበሬ ቀንጥሳ ሰፌዳቸው ላይ አከለችላቸው።

የሽኝቱ ስብሰባ ዕለት የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ሻንጣዋን ይዛ እንድትመጣ ነግረዋታል፤ ከዚያው በመኪና ሊያደርሷት መስሏት ደስ አላት። ሊቀመንበሩ ጓድ ውብሸት ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጓዶች፣ ከሽኝቱ በፊት አንድ የሚጣራ ጉዳይ አለ። ሻንጣው ይከፈት።»

የአብዮት ጥበቃው ከፈተው። በሶው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ቋንጣው ጠረጴዛው ላይ ተደረደረ። በዚያ ዘመን መርካቶ ውስጥ በሶ አብዝቶ ያስፈጨ ሰው ወይ ጫካ ሊገባ ነው፣ ወይ ጠረፍ ሊያቋርጥ። ዓምና ጎጃም በረንዳ አንድ ነጋዴ የተያዘው በዳቦ ቆሎ ብቻ ነው። ሸዋርካብሽ ራሷ ገብስ የበዛበት ደንበኛ ሲመጣ «ይሄ ደግሞ ወዴት ሊሾልክ ይሆን?» እያለች በዓይኗ ስትለካ ኖራለች። በራሷ ሲደርስ ነገሩ በሐሳቧ ውልብ አላለም፤ ባሕር ያየ ሰው ነዋ የመከራት!

«ለሁለት ሳምንት ሽርሽር ነው ይሄ ሁሉ?» አሉ ጓድ ውብሸት።

«ከስተሽ እንዳታሳፍሪን ተብዬ ነው፣ ጓድ።»

ጓድ ውብሸት ሻንጣው ውስጥ እጃቸውን ሰደዱ። እጃቸው አልተንከራተተም፤ ሌላውን ልብስ እያለፈ በቀጥታ ሰማያዊውን ቀሚስ መዘዘ፣ በቀጥታ ጠርዙን ያዘ። ክሩ ሲበጠስ የእናቷ ሐብል ጠረጴዛው ላይ ወደቀች።

ሸዋርካብሽ ያኔ ገባት። ሐብሏ የት እንዳለች የሚያውቁ ሰዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ አንዷ ራሷ ናት።

«እትዬ ወሰንየለሽ!» አለች ወደ ፊተኛው ወንበር ዞራ። «ይንገሯቸው እንጂ! እርስዎ አይደሉ ስንቅ ያዢ፣ ወርቅሽን ስፊ ያሉኝ?»

«እኔ?» እትዬ ወሰንየለሽ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ልጄ፣ እኔ ሎሚ ያዢ ነው ያልኩሽ።»

«በለጥሻቸው! ሌሎቹ ለምሳ ሲነሡ አንቺ ነበርሽ፣ ሰምተሻል፤ ተናገሪ!»

በለጥሻቸው ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች፣ ቀና ሳትል። «ወፍጮው ሲጮህ ለእኔ ምንም አይሰማኝም» አለች።

በምሳ ሰዓት ወፍጮ እንደማይሠራ አዳራሹ ውስጥ ያለች የባልትና ሴት ሁሉ ታውቃለች። አንዷም አልተነፈሰችም።

ጓድ ውብሸት ፍርዱን አሳጠሩት። ልጅቷ ጠንካራ ሠራተኛ ስለሆነች ለጊዜው ክስ አይኖርም፤ ጉዞዋ ግን ተሰርዟል። ቦታው ባዶ እንዳይቀር፣ መንገዱን የሚያውቁ፣ ሁለት ጊዜ ሄደው ሁለት ጊዜ የተመለሱ ጓድ ወሰንየለሽ ይተካሉ። ጭብጨባ!

ጭብጨባው ሲቆም ሸዋርካብሽ አሁንም እንደቆመች ነበር።

«አንቺ!» አለች። ታላቅ ሴትን «አንቺ» ስትል አዳራሹ «ውይ!» አለ። «ባሕር ለባሕር ስትዞሪ የተማርሽው ሰው ማስመጥ ነው?»

እትዬ ወሰንየለሽ ከመሄዳቸው በፊት ወፍጮ ቤቱ በር ላይ መጥተው ቆሙ። ይቅርታ ሊጠይቁ አልነበረም የመጡት፤ ሊያስረዱ ነው።

«ሸዋዬ፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ወደፊት ይደርስሻል። እኔ ይህን ሁሉ ልጅ ወልጄ ሳሳድግ፣ አንድ ቀን ሰው አልጋ አንጥፎልኝ አያውቅም። እዚያ ጠዋት ወጥቼ ስመለስ ተነጥፎ ይጠብቀኛል። ማን እንዳነጠፈው እንኳ አላውቅም። ይህን እያወቅሁ እንዴት ልተወው?»

«ለተነጠፈ አልጋ ብለሽ እኔን ወህኒ ልታስገቢኝ ነበር።»

«ወህኒ እንዳያስገቡሽማ የለመንኩት እኔ ነኝ!» አሉ፤ የምር ከፍቷቸው። «ውብሸትን ጠይቂው።»

ሸዋርካብሽ ወፍጮውን አስነሣችው። ዱቄቱ ቦነነ፣ እትዬ ወሰንየለሽ እያሳሉ ሄዱ። ዳግመኛ ለዚያች ሴት አንዲት ቃል ላትተነፍስ በእናቷ ስም ማለች። ከበለጥሻቸው ጋርም ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በእጅ ነው፤ ጆንያውን ያዢ፣ ልቀቂ።

እትዬ ወሰንየለሽ ጠቁረው፣ ወፈር ብለው ተመለሱ። ለሁሉም ከረሜላ አመጡ። ለሸዋርካብሽ የደረሰው ከረሜላ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ዶሮ መጥታ ወረቀቱን ትነቁረው ጀመር። ሴቶቹ እንደ ድሮው ከበቧቸው። ሸዋርካብሽም ሥራ ነውና እዚያው ነበረች፤ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ግድግዳውን እያየች በርበሬ ትቀነጥሳለች።

«የዘንድሮውስ ለጠላትም አይስጥ» ጀመሩ እትዬ። «ራት ላይ ተቀምጠን ነፋሱ ተነሣ። በመጀመሪያ ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ። ቀጥሎ መብራቱ ድርግም! መርከቧ እንዲህ ወደ ጎን ዘመመች፤ ሰሃኑ፣ ሹካው፣ ያ ቀይ ሾርባ ሁሉ ተንሸራቶ ወደ እኛ መጣ። ከጎኔ የነበረች አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ጫማዋን አውልቃ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። እኔም እመብርሃን እላለሁ፣ እሷም በቋንቋዋ ትላለች። ከላይ አንድ ትልቅ ነገር ሲወድቅ ተሰማ…»

እዚህ ላይ እትዬ ወሰንየለሽ አንዲት ዛላ በርበሬ አነሡ። አገላብጠው አዩዋት። እንጨቷን ቀስ ብለው ቀነጠሱ።

ግቢው ትንፋሹን ያዘ።

«ከዚያስ?» አለ አንድ ድምፅ።

ሴቶቹ ሁሉ ወደ ሸዋርካብሽ ዞሩ። ድምፁ የራሷ መሆኑን ያወቀችው ያኔ ነው።