የኃይለየሱስ ሙክት

ተሻለች አንድ ነገር ካሰበች ናዝሬት አይበቃትም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ የመጡ ሰዎች ለገሃር አጠገብ ባዶ መጋዘን ውስጥ ሰፍረው ሳለ፣ "ፋሲካንማ ጦማቸውን አይውሉም" ብላ ተነሣች። ያላት አራት ጠረጴዛ የያዘች ምግብ ቤት ናት። የቀበሌው ሰው "በማን ፈቃድ ነው መዋጮ የምትሰበስቢው?" ቢላት፣ "በሆዳቸው ፈቃድ" ብላው አለፈች። እኛን ጎረቤቶቿንም አላስቀመጠችንም፤ ከአንዱ ዶሮ፣ ከአንዱ ቅቤ፣ ከአንዱ ሽንኩርት ሰበሰበች። ጨርቅ ነጋዴው አብዱናሲር እንኳ ዘይትና ስኳር ተሸክሞ መጣ።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ዶሮ ወጡን ወሰድንላቸው። ጥግ ይዘው ከተቀመጡ ጥቂት ሰዎች በቀር ሁሉም በላ። ከነሱ መሐል እናትነሽ የሚባሉ አሮጊት እንጀራውን ከዳር ከዳር እየቆረሱ የልጅ ልጃቸውን ያጎርሳሉ፤ ወጡን ግን አይነኩም። ተሻለች ከፋት።

"እማማ፣ ወጤ ምን ሆነ? ጨው በዛው?"

"የለም ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። እኛ እስላም ነን።"

"እናትነሽ ተብለው?"

"በኛ አገር ስም አያጣላም።"

ተሻለች ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ። ልጅቷ የሚበሉትን ሰዎች አፍ አፋቸውን ታያለች። ሰውን በዓል ብሎ ጠርቶ ማስጎምጀት ከማስራብ ይብሳል።

ተሻለች ተነሥታ ወደ ቤቷ ሄደች። ከምግብ ቤቷ ጓሮ አንድ ሙክት ታስሯል። አንድ ልጇ ኃይለየሱስ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ ነው ግልገሉን ከሁሩታ ገበያ የገዛችው፤ እሱ ሲገባ ሊታረድ። የልጁ ወሬ ከጠፋ ሰንብቷል። እሷ ግን "ሙክቱ እስካለ ልጄ አለ" ትላለች፤ ይህን የማያውቅ ሰፈርተኛ የለም። ገመዱን ፈታችና እየጎተተች መጥታ ለአብዱናሲር ሰጠችው።

"በናንተው እረደው።"

"ተሻለች፣ ይሄ እኮ የኃይልዬ ነው። ቆይ፣ እኔ ሌላ ልፈልግ።"

"በፋሲካ ቀን ከየት ታገኛለህ? ልጅቷን የራባት አሁን ነው። እረደው አልኩህ!"

እሱ "ቢስሚላህ" ሲል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አብዱናሲር ከቤቱ ድስት አመጣ፤ ወጡን ተሻለች ራሷ ሠራችው። ሲደርስ ማንኪያውን ለአሮጊቷ ሰጠቻቸው።

"እማማ፣ እኔ አልቀምሰውም። ይቅመሱልኝ።"

"ልክ ነው ልጄ፣ ምንም አልጎደለውም።"

ልጅቷ እስክትጠግብ በላች፤ አጥንቷን እንደያዘች አያቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። አሮጊቷ ግን የሙክቱን ነገር ከእኛ ከጎረቤቶቿ ሰምተው ኖሯል። ከሥጋው መርጠው በእንጀራ ጠቀለሉና ለተሻለች ዘረጉላት።

"ይሄ የልጅሽ ድርሻ ነው፣ አስቀምጪለት። አላህ በሰላም ያግባልሽ።"

"አሜን" አለች ተሻለች።

አብዱናሲር ጣልቃ ገባ። "እማማ፣ ልጇ ክርስቲያን ነው። የእስላም ሥጋ አይበላም።"

ተሻለች ጥቅሉን በሁለት እጇ ተቀበለች።

"ይምጣና አልበላም ይበለኝ።"