ከታች ወደ ላይ

«እጅህን ሰብስብ!» አለችው መበለቷ።

ፋርማሲስቱ ለማጽናናት የዘረጋውን እጅ ወደ ኮቱ ኪስ መለሰ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስትለው የኖረች ሴት በሐዘኑ ሦስተኛ ቀን «አንተ» ስትለው የሰሙ ለቀስተኞች የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቀሩ። የሟች እህት ብቻ ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ፣ «ወንድሜን የገደለው ይሄ ነው» አለች። ሹክሹክታዋ ደጅ ድረስ ይሰማል።

«እህቴ፣ የእሱን ደብተር ፈልጌ ነው» አላት ፋርማሲስቱ መበለቷን።

«ኮከቡን ወሰድክ፣ ደብተሩ ቀረህ?»

ሟቹ ሰዓት ሠሪ ነበር። ሰፈሩ ግን «ቀን ኮከብ» ነው የሚለው፤ በጠራራ ፀሐይ ኮከብ የሚፈልግ ሰው ሌላ ምን ይባላል? በምሳ ሰዓት ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ይመጣና ኮምፒውተሩ ፊት ይጎለታል። ሳተላይት በሚልካቸው የፀሐይ ፎቶዎች ላይ ወደ ፀሐይ ተጠግተው የሚቃጠሉ ጅራታም ኮከቦችን ይፈልጋል። ይህን አባዜ ያጋባበት ፋርማሲስቱ ነው። ዘጠኝ ዓመት አብረው ፈለጉ፤ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይቀድማቸዋል።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ሟቹን ቀናው። በአራት ተከታታይ ፎቶዎች ላይ የምትንቀሳቀስ ነጥብ አየ፤ ቦታዋን በረድፍ ቁጥር ጽፎ ላከ። ግኝቱን የሚያጸድቁት መርማሪዎች «በተባለው ቦታ ምንም የለም» ብለው መለሱለት። በማግስቱ ፋርማሲስቱ ያችኑ ነጥብ በራሱ ስም ላከ፣ ተቀበሉት። ሟቹ ይህን በሰማ በሁለተኛው ቀን ሱቁ ውስጥ ወደቀ፣ አልተነሳም።

«ሰርቄዋለሁ» አለ ፋርማሲስቱ፤ ተቀመጥ የሚለው ስላላገኘ እንደቆመ ነው። «የላከውን ሳይ፣ ረድፉ ከታች መቆጠር ሲገባው ከላይ መቆጠሩ ገባኝ። ደውዬ ‹ተሳስተሃል፣ አርም› ማለት ስችል ቀናሁ። አሁን ስሙ ይቅደም ብዬ ጽፌላቸዋለሁ። መጀመሪያ የጻፈበትን ገጽ እንይ አሉኝ። ዛሬ ካልደረሳቸው በእኔ ስም ይጸድቃል።»

«ውሸታም!» አለች የሟች እህት። «የሰው ሰዓት በሴኮንድ የሚያስተካክል ወንድሜ ከላይና ከታች ጠፋው?»

መበለቷ አንገቷን ደፋች።

አልጠፋውም። ዓይኑ በአጉሊ መነጽር ደክሞ ስለነበር የምትቆጥርለት እሷ ነበረች። ስክሪኑ ላይ አርባ ረድፍ የተሰመረበት ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ይለጥፍና፣ «ከታች ወደ ላይ፣ እንደ ደረጃ» ይላታል ሁልጊዜ። ያን ማክሰኞ ግን ምሳውን ሁለት ጊዜ አሙቃ ነበር። ጭልፋዋን እንደያዘች፣ ጎንበስ እንኳ ሳትል፣ ከላይ ቆጠረች።

«ሰባት!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ዓይን የለኝም እንዴ? ይልቅ ብላ!»

ጻፈ። መልሱ ሲመጣ ደግሞ «ተሳሳትኩ» ነው ያለው። ተሳሳትሽ አላላትም። ይህች ቃል ሦስት ቀን ሙሉ አላስተኛቻትም፤ በፋርማሲስቱ ላይ የጮኸችውም ግማሹ ያችን ቃል ለማፈን ነበር።

ተነስታ መኝታ ቤት ገባች። ደብተሩንና ላስቲኩን ይዛ ወጣች።

«እንዳትሰጪው!» አለች የሟች እህት።

«እቴ፣ የቆጠርኩት እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ከላይ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ወንድምሽ አልተሳሳተም።»

የሟች እህት አንዴ አየቻት፤ ከዚያ ወንበሯን አንስታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

መበለቷ ወደ ፋርማሲስቱ ዞረች። «ይቅር አላልኩህም። ገጹን ፎቶ አንሳና ከቤቴ ውጣ። መጀመሪያ ግን ጠብቅ።»

ገጹ ላይ በሟቹ ደቃቅ ጽሕፈት ቀኑ፣ ሰዓቱና «7» አለ። ላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ጣቷን የመጨረሻው ረድፍ ላይ አደረገች። ትክክለኛውን ቁጥር በመቀነስ ልታገኘው ትችል ነበር። እሷ ግን ጎንበስ ብላ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ አንድ ረድፍ ሳትዘል፣ ቀስ ብላ ወደ ላይ መቁጠር ጀመረች።

«አንድ… ሁለት… ሦስት…»