በፊኛ ይሰፋል

ልብስ ሰፊዋ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከመርፌ ጋር ስትኖር እንዲህ ያለ ስፌት አይታ አታውቅም። የልጇን ውፍረት ለመቀነስ ጨጓራዋን ቆርጠው ሙዝ በሚያህል መጠን አሳንሰው ሲሰፉት፣ በውጭ የቀረው አምስት ጭረት ብቻ ነው፤ አንዱም ከቁልፍ ቀዳዳ አይበልጥም። መነጽሯን አድርጋ፣ አጎንብሳ፣ "የሐኪሙ እጅ ይባረክ" እያለች ታየዋለች። ልጅቱ ደግሞ፣

"እማ፣ ሆዴ ኤግዚቢሽን ነው እንዴ?" ብላ ሸሚዟን ትጎትታለች።

ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ሁለት ወር ሆነ። እናትየው በየሁለት ሳምንቱ የልጇን ቀሚሶች በልኳ ታጠብባለች። መጀመሪያ እያንጎራጎረች ነበር የምታጠብበው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግን ልጅቱ የዋጠችው ሁሉ ይመለስ ጀመር፤ መጀመሪያ እንቁላሉ፣ ቀጥሎ ሾርባው፣ አሁን ውሃውም። ማንኪያ ሲቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። "ስፌቱ ቢፈታስ?" ትላለች፤ አንድ ጉንጭ ውሃ አፏ ውስጥ ይዛ፣ መዋጡንም መትፋቱንም ፈርታ ትቀመጣለች።

ሰኞ ልጅቱ ሆስፒታል ሄዳ በጉሮሮዋ በገባ ካሜራ ታየች። ማክሰኞ ውጤቱን ልትቀበል የሄደችው እናትየው ናት። በመስኮት ወረቀቱን ያቀበላት ሠራተኛ፣ "የሚያነብልዎት ሰው አለ እናቴ?" ቢላት፣

"እኔው አነበዋለሁ" አለችው፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ሰባት ወሯ ነው። ዕድሜ ልኳን ግድግዳ ላይ ዝም ብለው የኖሩ ፊደሎች ድንገት "ፋርማሲ" ወይም "በዚህ አይታለፍም" ሲሏት እስከ ዛሬ ክው ትላለች። ፌርማታው ጋ ተቀምጣ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። "የ... ጠ... በ... በ... ው..." ከብዙ ድካም በኋላ ዓረፍተ ነገሩ ሞላ፦ "የጠበበው የምግብ መውረጃ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት በፊኛ ይሰፋል።"

ጣቷ እዚያው ቀረ። ፊኛ ማለት እሷ የምታውቀው ሽንት የሚቋጥረው ነው። "ይሰፋል"ን ደግሞ ከማን ልትማር፣ እንጀራዋ ነው! ልጇን እንደገና ሊሰፏት፣ ያውም በፊኛ! ጨርቅ በተሰፋበት ላይ ሲደገም ምን እንደሚሆን በእጇ ታውቃለች፤ መርፌ በበሳሳው መስመር ይተረተራል። ወረቀቱን አጥፋ የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ ሥር ከተተችው።

"ምን አሉ እማ?"

"አልደረሰም አሉኝ።"

"ሙቺ በይ!"

"ሂጂ እዚያ! አንቺን በመሰለች ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አይወጣም።"

ሐሙስ ማለዳ ልጅቱ ከአልጋ ስትነሳ ግድግዳ ያዘች። እናትየው አንገቷ ላይ የሚውለውን ሜትር አውርዳ ወገቧን ለካችና መልሳ አንገቷ ላይ ጣለችው፤ እሑድ ያጠበበችው ቀሚስ አራት ጣት ያስገባል። አንድ ማንኪያ ውሃ ሰጠቻት። ተመለሰ።

"እማ፣ ፈራሁ" አለች ልጅቱ።

እናትየው ሰዓቱን አየች። ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። መሳቢያውን ስትስብ ቁልፎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ።

"ውሸቴን ነው። ከደረሰ ሁለት ቀኑ። እንደገና ሊሰፉሽ ነው፣ በፊኛ።"

ልጅቱ ወረቀቱን አነበበች። ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እናትየው ለቅሶ መስሏት ልታቅፋት ስትጠጋ ሳቅ ነው።

"እማዬ! አጥብቀሽ እኮ ነው ያነበብሽው። አላልተሽ አንብቢው፤ ይሰፋል! መንገድ ሲሰፋ አታይም?"

"ፊኛውስ?"

"የልደቱ፣ የሚነፋው!"

"ሆድሽ ውስጥ?"

"ሆዴ ውስጥ።" ሳቋ ቆመ። "ሁለት ቀን ሙሉ ደበቅሽኝ? ውሃ እንኳ አልወርድ እያለኝ?"

"ጫማሽን አድርጊ የኔ እናት። ስንመለስ ትቆጪኛለሽ።"

ሆስፒታሉ ሲደርሱ አምስት ደቂቃ ቀርቷቸው ነበር። ልጅቱን ወደ ውስጥ አስገቧት። እናትየው ኮሪደሩ ላይ ወረቀቱን አንዴ አጥብቃ አንዴ አላልታ ስታነብ ቆየች። ያው ፊደል፣ አንድ ነጥብ ሳይጨመርበት፣ አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይከፍታል።

ነርሷ ጠርታ ሁለት ፎቶ በስክሪን አሳየቻት። በመጀመሪያው፣ ሮዝ ግድግዳ መሀል የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ነገር አለ። በሁለተኛው አውራ ጣት ያሳልፋል።

"ያለ መርፌ?" አለች እናትየው።

"ያለ መርፌ። ፊኛውን በቱቦ አስገብተን ቀስ ብለን ነፋነው፣ በቃ። ምናልባት አንድ ሁለቴ ይደገም ይሆናል።"

እናትየው ስክሪኑን በጣቷ ልትነካ ደርሳ እጇን መለሰች። የስንቱን ቀሚስ አስፍታለች፤ ሰው ከውስጡ ሲሰፋ ግን ዛሬ ገና አየች።

ከሰዓት በኋላ ውሃ ተፈቀደ። ልጅቱ አንድ ጉንጭ ወስዳ እንደለመደችው አፏ ውስጥ ያዘችው። ዓይኖቿ ፈጠጡ። እናትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጇን ያዘች።

"አላልተሽ" አለቻት በለሆሳስ። "እሱንም አላልተሽ።"

ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ አለ። ሁለቱም ጠበቁ።

"ወረደ?"

ልጅቱ ብርጭቆውን እንደገና አነሳች።

"ወረደ። ደግሞ እማ፣ ሜትርሽን ከአንገትሽ አውርጂ፤ ሰዉ ሁሉ እያየሽ ነው።"