የወንዳፍራሽ ልዑልቃል ዘመዶች

ልጄ ኖላዊት እሑድ ከሰዓት ስትደውልልኝ ደንግጬ ማን ሞተ አልኳት። እናቷ ፀዲ ካረፈች ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እሷ ካለችበት ሬድመንድ እኔ ወዳለሁበት ሲታክ የሚመጣልኝ በበዓል ቀን የሚላክ የጽሑፍ መልእክት ብቻ ነበር። ለነገሩ ድሮም የምትደውለው ለእናቷ ነው፤ እኔ ከጎን ሆኜ «ሰላም በይልኝ» የምል ሰው ነበርኩ።

ማንም አልሞተም። ኢንተርኔት ላይ የድሮ የሲያትል ጋዜጦች ስታገላብጥ ስማችንን አግኝታለች። በፈረንጆቹ 1952፣ ወንዳፍራሽ ልዑልቃል የሚባል ኢትዮጵያዊ ተማሪ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ማኅበር ምሳ ላይ ስለ አገሩ ንግግር አድርጓል።

«አባዬ፣ ልዑልቃል እኮ ሬር ኔም ነው፣ ብዙ ሰው የለውም። ሶ፣ የኛ ፋሚሊ ነው ማለት ነው» አለችኝ።

አይደለም። ልዑልቃል አባቴ ነው። እዚህ አገር ስንመጣ የአባቴ ስም የቤተሰብ ስም ተባለና ልጄም ወረሰችው እንጂ፣ ከአባቴ በፊት በዘራችን ልዑልቃል የሚባል የለም። በዚያ ዓመት ደግሞ አባቴ ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የገባ ወንድ ልጅ ከየት ያመጣል? የወንዳፍራሽ አባት ሌላ ልዑልቃል ነው፣ አለቀ። ይህን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ ይበቃ ነበር። ልጄ ግን አርባ ደቂቃ አወራችኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። «እንግዲህ እናያለን» አልኩና አፌን ዘጋሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ደግማ ደወለች። አዲስ ነገር አላገኘችም፤ ድምፅዋ ቀዝቅዟል። ልትተወው ነው ብዬ ፈራሁ። በእረፍት ቀኔ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። እንደ እኔ ከኤርፖርት ፓርኪንግ መንገደኛ የሚያመላልስ ሹፌር ስለ ጋዜጣ ፍለጋ ምን ያውቃል? አንዲት ሠራተኛ አጠገቤ ቁጭ ብላ አሳየችኝ። ስወጣ አራት ወረቀት ይዣለሁ። አንዱ ከመጽሔት ነው፤ ወንዳፍራሽ በረዶ ሲጠርግ የተነሣው ፎቶ። አንዱ በትምህርት ዕረፍት አላስካ ዓሣ ፋብሪካ ሊሠራ መሄዱን ያወራል። አንዱ፣ ጥቁር ነህ ተብሎ የሚከራይ ክፍል ሲከለከል ለጋዜጣ የጻፈው ደብዳቤ ነው። አራተኛው የ1959 ነበር፤ ስድስት መስመር። በሳንባ ሕመም ሞቷል፣ እዚሁ ተቀብሯል፣ የቅርብ ዘመድ አልተገኘም።

ሦስቱን በየእሑዱ አንድ አንድ እያልኩ ሰጠኋት። አራተኛውን ደበቅኩ። መሞቱን ካወቀች ከዚያ ወዲያ ምን ትፈልጋለች? ፍለጋው ያበቃል፣ እኔም ወደ በዓል ቀን መልእክቴ እመለሳለሁ። እንዲህ ያለሁ ስስታም ነኝ።

ራሷ አገኘችው። እያለቀሰች ደውላ፣ የኛ ሰው ሰው አጥቶ ሞተ አለችኝ። በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ፣ አበባ ገዝታ መጣችና ወደ መቃብሩ ወሰደችኝ።

ሐውልት የለውም። የመቃብር ቦታው ሠራተኛ ሣር የዋጠው ቁጥር ያለበት ሲሚንቶ አሳይቶን ሄደ። ያካፋል። ኖላዊት ተንበርክካ አበባውን አኖረች። ድንጋይ ልታሠራለት ነው፤ ከሥሩ «ቤተሰቦቹ» ተብሎ ይጻፋል። ፍትሐት እንዲደረግለትም የቤተ ክርስቲያናችንን ቄስ ለምናለች። ተነሥታ እጄን ያዘችኝ። ከሕፃንነቷ ወዲህ እጄን ይዛ አታውቅም። የማታውቀውን ሰው እንደ ዘመዷ ስታለቅሰው ዝም ብሎ ማየት ግን አቃተኝ።

«ኖላዬ፣ ይሄ ሰው ዘመዳችን አይደለም» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ የአባቴን ዕድሜ፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የደበቅኩትን ወረቀት።

እጄን ለቀቀችው።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«የመጀመሪያው እሑድ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ኖሮ ትደውዪልኝ ነበር?»

ፊቷን ወደ አበባው አዞረች። በልቤ አዎ በይኝ ብዬ ለመንኳት፤ ውሸት ቢሆንም ግድ አልነበረኝም። ኖላዊት ግን በእናቷ ነው የወጣችው፤ መዋሸት አትችልም።