በሳህኑ የቀረው ውሃ

ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ አባት ወደ መሥሪያ ክፍላቸው ዘልቀው አያውቁም። ዕድሜ ልካቸውን የጌጥ ድንጋይ ሲወለውሉ የኖሩ ሰው፣ አሁን መስኮት ሥር ተቀምጠው የሟቿን ቀለበት በጣታቸው ያሽከረክራሉ እንጂ ቃል አይወጣቸውም። የቀለበቱ ፈርጥ፣ ቱርኩዝ የሚባለው ሰማያዊ ድንጋይ፣ በሙሽርነቷ ዘመን የጠራ ሰማይ ይመስል ነበር፤ ዛሬ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኗል፤ ፊቱም ተቧጭሮ ደብዝዟል።

ታናሽ ልጃቸው ተስፋዋን ሁሉ እዚያ ድንጋይ ላይ ጣለች። እንደ ቀድሞው ሰማያዊ ሆኖ ቢመለስላቸው፣ ምናልባት አንድ ቃል ይናገሩ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋቸው፣ ቀለበቱን ከመዳፋቸው አላቅቃ ወደ መሥሪያ ክፍሉ ገባች።

አባቷ ካስተማሯት አንዱንም አላጓደለችም። መስኮቱን ከፈተች፤ አፍና አፍንጫዋን ሸፈነች፤ የአባቷን ሳንባ የበላው ደረቅ የድንጋይ ብናኝ ነውና። ቱርኩዝ ልል ድንጋይ ነው፤ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎቹ ያገኘውን ሁሉ ይጠጣል። ስለዚህ ሳሙና የለ፣ ዘይት የለ፣ መዘፍዘፍም የለ። ደቃቁን የብርጭቆ ወረቀት በንጹሕ ውሃ እያራሰች፣ ከሳህኑ በላይ በስሱ ታሸው ጀመር።

ታላቅ እህቷ በበሩ ብቅ አለች።

«ባንክ ልትዘርፊ ነው እንዴ፣ እንዲህ ተሸፋፍነሽ?»

«አታስቂኝ፤ እጄ ይስታል።»

«ኧረ ቀስ! ፈርጡን ጨርሰሽ ባዶ ቀለበት እንዳታስረክቢያቸው።»

አረንጓዴው ስስ ነበር፤ እንደ ቅርፊት እየተገፈፈ ወደ ሳህኑ ወረደ። ከሥሩ ሰማያዊው ሲገለጥ ማሸቷን አቆመች። አድርቃ፣ በለስላሳ ቆዳ ወልውላ፣ አባቷ ሲነቁ መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

«አባዬ፣ እስቲ ይዩት። ልክ ያኔ እንዳሰሩላት።»

ወደ ብርሃኑ አቅርበው አገላበጡት።

«እጅሽ ተገርቷል» አሉ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያ ቃላቸው ነበር። ልጅቷ በደስታ ልታለቅስ ስትል፣ «አረንጓዴውስ?» አሏት።

«ቆሻሻ እኮ ነው፣ አባዬ። ቅባት ነው።»

«የእናትሽ የእጇ ነበር።» ፈርጡን በጣታቸው ዳበሱት። «ሊጥ ስታቦካ አታወልቀውም፤ እናንተን ስታጥብ፣ ስትቀባ አታወልቀውም። ይበላሻል ብዬ ስንት ዘመን ተጨቃጨቅኋት! ‹ይጠጣ፣ አንተን ምን ቸገረህ?› ትለኝ ነበር። ጠጣ። ከሷ የቀረኝ እሱ ነበር፣ ልጄ።»

ከመሥሪያ ክፍሉ የዕቃ ኳኳታ ተሰማ፤ ታላቋ ጠረጴዛውን እያጸዳች ነው።

«ሳህኑን እንዳትደፊው!» ብለው ጮኹ።

አባት ግድግዳ እየተደገፉ፣ እያሳሉ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የሸሹትን ደፍ ተሻገሩ። ሳህኑን ከታላቋ እጅ በሁለት እጃቸው ተቀብለው የሥራ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ውሃው ጠልሎ ነበር፤ ከሥሩ ፈዛዛ አረንጓዴ ጭቃ ዘቅጧል።

«ሲደርቅ ብናኝ ይሆናል፣ አባዬ» አለች ታናሿ። «ለደረትዎ...»

«መስኮቱን ዝጊልኝ» አሏት። «ነፋስ እንዳይወስድብኝ።»